ጓንታናሞ የታሰረን ዜጋ ማን ይጠይቅለታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጓንታናሞ ሲወራ ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ብርቱካናማ ቱታና ሰንሰለት ነው። እዚህ የምናየው ግን ሌላውን ወገን ነው። ከእስረኞቹ ጀርባ መንግሥታት ምን ተነጋገሩ? ማን ቶሎ ወጣ? ማን ዓመታት ቆየ? ለምን? ከአዲስ አበባ የሄደ አንድ ልጅም በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኩባ ውስጥ ያለ ቦታ እንዴት የአሜሪካ እስር ቤት ሆነ?

መሬቱ የኩባ ነው። አሜሪካ በ1903 ተከራይታ የባሕር ኃይል ሰፈር አደረገችው። የካስትሮ መንግሥት ውጡልኝ ቢልም ውሉ የሚፈርሰው ሁለቱም ሲስማሙ ስለሆነ አሜሪካ ንቅንቅ አላለችም። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ የቡሽ አስተዳደር ቦታውን የመረጠው አስቦበት ነው። በአሜሪካ ጦር እጅ ያለ፣ ግን የአሜሪካ ፍርድ ቤት አይደርስበትም ተብሎ የታሰበ ቦታ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ 20 እስረኞች ጥር 11 ቀን 2002 ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ወደ 780 ሰዎች አልፈውበታል። አብዛኞቹ አንድም ክስ ሳይመሠረትባቸው ነው የወጡት። በ2025 መጀመሪያ ላይ የቀሩት 15 ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች የጦር ምርኮኞች አይደሉም እንዴ?

የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። የጦር ምርኮኛ ቢባሉ ኖሮ መንገዱ የታወቀ ነበር። በ1949 የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ውጊያው ሲያበቃ ምርኮኛ ሳይዘገይ ወደ አገሩ ይመለስ ይላል። ቀይ መስቀል ይጎበኘዋል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስሙ ይመዘገባል።

ይህን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ከኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት በኋላ ታኅሣሥ 12 ቀን 2000 የተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት ምርኮኞች እንዲለቀቁ በግልጽ አስገድዷል። እሱም ቢሆን እንዲህ በቀላሉ አልሄደም። በስምምነቱ የተቋቋመው የካሳ ኮሚሽን ኤርትራ እስከ ነሐሴ 2000 ድረስ ቀይ መስቀልን ምርኮኞቹ ጋ ባለማስገባቷ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ምርኮኞችን መመለሱን በማጓተቷ ጥፋተኛ ብሏቸዋል። ቢሆንም ሁለቱም ወገኖች የሚለኩበት ሕግ ነበር።

የካቲት 2002 ላይ ፕሬዚዳንት ቡሽ የአልቃይዳ እስረኞች በጄኔቫ ስምምነት አይሸፈኑም፣ የታሊባን ተዋጊዎችም የምርኮኛ መብት የላቸውም ብለው ወሰኑ። ስለዚህ ሰዎቹ ምርኮኛም ተራ ወንጀለኛም ሳይሆኑ ቀሩ። የመፈታታቸው ነገር በሕግ መሆኑ ቀርቶ በድርድር ሆነ ማለት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን በከፊል ለማረም እስከ 2006 ጊዜ ወስዷል።

አንድ አገር ዜጋው በውጭ ጦር ሲያዝበት ምን የማድረግ መብት አለው?

በወረቀት ደረጃ ጥሩ መብት አለው። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36 የታሰረ የውጭ ዜጋ ከፈለገ ለቆንስላው እንዲነገርለት፣ ቆንስላውም ሄዶ እንዲጎበኘውና ጠበቃ እንዲያፈላልግለት ይፈቅዳል።

ጓንታናሞ ላይ ግን ከመንግሥቱ መጣ የተባለው ሰው ብዙ ጊዜ የቆንስላ ሠራተኛ ሳይሆን የደኅንነት መርማሪ ነበር። የእንግሊዝም የካናዳም የደኅንነት ሰዎች የገዛ ዜጎቻቸውን እዚያው ሄደው መርምረዋል። እስረኛው አገሬ ደረሰችልኝ ብሎ ሲጠብቅ አገሩ መረጃ ፈልጋ ነበር የመጣችው። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ በጣም የሚያመው ይህ ነው።

አሜሪካዊ ሆኖ እዚያ የታሰረ ነበር?

አንድ ነበር። ያሰር ሐምዲ ሳዑዲ ነው ተብሎ ከመጣ በኋላ ሉዊዚያና መወለዱ ታወቀ። ሚያዝያ 2002 ላይ ወዲያው ወደ አሜሪካ ምድር ተዛወረ። የጓንታናሞ እስረኞች የሚዳኙበት፣ ወታደራዊ ኮሚሽን የሚባለው ችሎት ከመጀመሪያውም የተቋቋመው አሜሪካዊ ላልሆኑ ሰዎች ብቻ ነው። ፓስፖርት ምን ያህል እንደሚመዝን ከዚህ መገመት ይቻላል።

መንግሥታት ሲደራደሩ በትክክል ምን ላይ ነው የሚከራከሩት?

የእንግሊዝን ድርድር ብናይ ነገሩ ይገባናል። ዘጠኝ የእንግሊዝ ዜጎች ጓንታናሞ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ለንደን ዝም ማለት ይቀናት ነበር። አሜሪካ ወዳጅ ናት፤ ከኢራቅ ጦርነት በፊትም በኋላም ቶኒ ብሌር ከዋሽንግተን ጋር መጋጨት አልፈለጉም።

ሐምሌ 2003 ላይ ሁኔታው ተቀየረ። ቡሽ በወታደራዊ ኮሚሽን ሊዳኙ የሚችሉ ስድስት እስረኞችን ለዩ። ሁለቱ እንግሊዛውያን ነበሩ፦ ሞአዛም ቤግና ፈሮዝ አባሲ። እንግሊዝ አገር ግርግር ተነሳ። ጋዜጣውም፣ ፓርላማውም፣ ዳኞቹም በአንድ ድምፅ ጮኹ። ድርድሩን እንዲመሩ የተላኩት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሎርድ ጎልድስሚዝ ናቸው። መጀመሪያ የሞት ቅጣት እንደማይጠየቅባቸው ቃል ተገባላቸው። ቀጥሎ የጠበቃ ጉዳይ መጣ፤ ጠበቃና ደንበኛ ሲነጋገሩ ወታደር ያዳምጣል ወይስ አያዳምጥም? ቀጥሎ ይግባኝ መጣ፤ የሚሰማው ነፃ ፍርድ ቤት ነው ወይስ ራሱ ፔንታጎን?

አሜሪካኖቹ ትንሽ ትንሽ ለቀቁ። በመጨረሻ ግን ጎልድስሚዝ ይህ ችሎት ፍትሐዊ የሚባለውን መለኪያ አያሟላም፣ አንቀበለውም አሉ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ መልሱልን። አምስቱ መጋቢት 2004 ገቡ። ቤግና አባሲን ጨምሮ የቀሩት አራቱ ጥር 2005 ተከተሉ። ሁሉንም የእንግሊዝ ፖሊስ ተቀበላቸውና ጠየቃቸው። አንዳቸውም ሳይከሰሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ተቀባዩ አገር ባዶ እጁን አይደራደርም። አሜሪካ ሁልጊዜ የምትጠይቀው ዋስትና ነው። ሰውየውን ትከታተሉታላችሁ ወይ? ፓስፖርት ትከለክሉታላችሁ ወይ? ከማን ጋር እንደሚገናኝ ትነግሩናላችሁ ወይ? ኩዌት ዜጎቿን ለማስመለስ ስትል የተሐድሶ ማዕከል ሠርታለች። የመጨረሻው ኩዌታዊ የወጣው ግን በጥር 2016 ነው።

አገሩ ካልጠየቀለትስ?

ያኔ እዚያው ይቀራል። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

ኦማር ካድር ካናዳዊ ነው። ሐምሌ 2002 አፍጋኒስታን ውስጥ ሲያዝ 15 ዓመቱ ነበር፤ ልጅ ነበር ማለት ነው። የካናዳ መርማሪዎች በ2003 ጓንታናሞ ሄደው ጠየቁት። ቪዲዮው በ2008 ሲወጣ ልጁ ሲያለቅስ ይታያል። ሌሎች ምዕራባውያን አገሮች ዜጎቻቸውን አንድ በአንድ ሲያወጡ ኦታዋ አልጠየቀችም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥር 2010 ላይ መብቱ ተጥሷል አለ፤ ይመለስ ብሎ መንግሥትን ማዘዝ ግን አልደፈረም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ካድር ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ፈረመ። ሁለቱ መንግሥታትም ወደ ካናዳ ስለሚዛወርበት ሁኔታ የዲፕሎማሲ ማስታወሻ ተለዋወጡ። እንዲያም ሆኖ አገሩ የገባው መስከረም 2012 ነው። በ2017 የካናዳ መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ 10.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከፈለው። መጀመሪያ መጠየቁ ይረክስ ነበር።

ሁለተኛው አውስትራሊያዊው ዴቪድ ሂክስ ነው። የጆን ሃዋርድ መንግሥት እዚህ የምንከስበት ሕግ የለንም፣ አሜሪካ ትዳኘው አለ። ሂክስ እንግሊዛውያኑ መውጣታቸውን አየ። እናቱ እንግሊዝ የተወለዱ ስለነበሩ የእንግሊዝ ዜግነት ጠየቀ። ለንደን እምቢ ብትልም ፍርድ ቤት ረታት። ሐምሌ 2006 ላይ ዜግነቱን ሰጡት። ከዚያ በሰዓታት ውስጥ መልሰው ነጠቁት! ታሪኩ ቀልድ ቢመስልም በመዝገብ ያለ ነው።

ሂክስን በመጨረሻ ያወጣው የአውስትራሊያ ሕዝብ ነው። በ2007 ምርጫ ሲቃረብ ጉዳዩ ለሃዋርድ ሸክም ሆነ። መጋቢት ላይ ሂክስ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ የሰባት ዓመት እስር ቢፈረድበትም ከዘጠኝ ወሩ በቀር ያለው ታገደለት። ግንቦት ላይ አደላይድ ወዳለ እስር ቤት ተዛወረና በዓመቱ መጨረሻ ተፈታ። ፍርዱ ራሱ በ2015 ተሽሯል።

ብንያም መሐመድ ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ እንግሊዛዊ?

በዜግነት ኢትዮጵያዊ ነው። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ብንያም አዲስ አበባ በ1978 ተወለደ። በ1994 ገና በጉርምስናው እንግሊዝ ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ። ጥያቄው ባይሳካም የመኖሪያ ፈቃድ ተሰጠው። በ2001 ወደ አፍጋኒስታን ሄደ። ሚያዝያ 2002 ላይ ካራቺ አውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ። ከዚያ ወደ ሞሮኮ ተወሰደ። እዚያ ወደ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ታስሮ ክፉኛ መሰቃየቱን ተናግሯል። በኋላም አንድ የአሜሪካ ዳኛ ይህን ቃሉን ተቀብለውታል። ከሞሮኮ ወደ ካቡል፣ ከካቡል እዚያው አፍጋኒስታን ወዳለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ባግራም፣ መስከረም 2004 ላይ ጓንታናሞ።

እንግሊዛውያኑ ጥር 2005 ላይ ሲወጡ ብንያም ቀረ። ለምን? የለንደን መልስ አጭር ነበር፦ ዜጋችን አይደለም። ነዋሪ ነው። ለነዋሪ የመናገር ግዴታ የለብንም። ባሕር ማዶ በመኖሪያ ፈቃድ የምትኖሩ ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቡት። ግብር የምትከፍሉበት አገር የእናንተ ጠበቃ የመሆን ግዴታ የለበትም። በዓለም አቀፍ ሕግ ሊጠይቅላችሁ የሚገባው ፓስፖርታችሁን የሰጣችሁ መንግሥት ነው። እሱን ሸሽታችሁ ጥገኝነት የጠየቃችሁ ከሆነ ደግሞ በሁለት ወንበር መካከል ወደቃችሁ ማለት ነው።

ነሐሴ 2007 ላይ ለንደን ሐሳቧን ቀየረች። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ሚሊባንድ አምስት ነዋሪዎች እንዲለቀቁ በይፋ ጠየቁ። ሦስቱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ገቡ። ብንያም ግን ክስ ነበረበት፤ ተነሳ፣ እንደገና ተመሠረተ፣ በጥቅምት 2008 እንደገና ተነሳ። በዚህ መሀል ጠበቆቹ ለንደን ላይ ሌላ ግንባር ከፍተው ነበር። የእንግሊዝ ደኅንነት ስለ ስቃዩ የሚያውቀውን ሰነድ ያውጣ ብለው ከሰሱ። መንግሥት ሰነዱ ከወጣ አሜሪካ መረጃ መስጠት ልታቆም ትችላለች ብሎ ተከላከለ።

የካቲት 2009 ላይ፣ ኦባማ ሥልጣን በያዙ በወሩ፣ የእንግሊዝ ባለሥልጣናት ሐኪም ይዘው ጓንታናሞ ሄዱ። የረሃብ አድማ ላይ ስለነበር በረራውን ይችል እንደሆነ ማየት ነበረባቸው። የካቲት 23 ቀን ለንደን አጠገብ ኖርቶልት የጦር አየር ማረፊያ አረፈ። ሲከራከሩበት የነበረው ጽሑፍ፣ ሰባት አንቀጽ ብቻ፣ በዓመቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጣ።

ከአምስቱ የመጨረሻው ሻከር አሜር ነበር። እሱ ጥቅምት 30 ቀን 2015 ነው የተመለሰው። እንግሊዝ እየጠየቀች ስምንት ዓመት ፈጀ።

ፍርድ ቤት መንግሥትን “ጠይቅለት” ብሎ ማዘዝ አይችልም?

እስካሁን በታየው አይችልም። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2002 በአባሲ ጉዳይ የጓንታናሞን ሁኔታ ሕግ የማይደርስበት ጨለማ ጉድጓድ አድርጎ ነበር የገለጸው። ሆኖም መንግሥት ጥያቄውን በቅንነት ይመልከተው ከማለት አላለፈም። ነዋሪዎቹ በ2006 ሲሞክሩ ያንንም አላገኙም። የውጭ ግንኙነት የመንግሥት ሥራ ነው ብለው ዳኞች ይሸሹታል።

ክሱ ግን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ችሎቱ ጋዜጣውን ይጠራል፣ ጋዜጣው ፓርላማውን፣ ፓርላማው ሚኒስትሩን። በአሜሪካም ሰኔ 2004 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እስረኞቹ መታሰራቸውን በፍርድ ቤት መቃወም ይችላሉ ሲል የወሰነው በሻፊቅ ረሱል ስም በቀረበ ክስ ነው። ረሱል ያኔ እንግሊዝ ገብቶ ወራት ሆኖት ነበር። ውሳኔው የጠቀመው ኋላ የቀሩትን ነው።

ወደ አገሩ መመለስ የማይችልስ?

እዚህ ላይ ድርድሩ ይገለበጣል። አገሩ ስጡኝ ይላል፣ እስረኛው በፍጹም ይላል።

ኡይጉር የሚባለው የቻይና ሙስሊም ብሔረሰብ ተወላጆች የሆኑ 22 ሰዎች ነበሩ። ቤጂንግ ፈለገቻቸው። አሜሪካ ግን ብንመልሳቸው ይሰቃያሉ አለች፤ ዓለም አቀፉ የፀረ ስቃይ ስምምነትም ይከለክላል። ስለዚህ ዲፕሎማቶች በር በር ሲያንኳኩ ከረሙ። በ2006 አልባኒያ አምስቱን ተቀበለች። በ2009 አራቱ ቤርሙዳ፣ ስድስቱ ፓላው ደሴት ገቡ። የመጨረሻዎቹ ሦስት በታኅሣሥ 2013 ስሎቫኪያ ሄዱ። ቻይናን ማስቀየም የሚፈራ ትልቅ አገር ብዙ ነው፤ በራቸውን የከፈቱት ትንንሾቹ ናቸው።

በተቃራኒው በ2004 ሰባት ሰዎች ወደ ሩሲያ ተመልሰዋል። በሰብዓዊነት ይያዛሉ የሚል ዋስትና ነበር። ከዚያ በኋላ እንግልትና ድብደባ እንደደረሰባቸው የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ዘግበዋል። የመንግሥት ዋስትና ያለ ተቆጣጣሪ ወረቀት ነው።

የመናውያኑ ደግሞ ሌላ ናቸው። አገራቸው ልጆቿን ብትፈልግም አሜሪካ አላመነቻትም። በ2009 ገና ዕለት ዲትሮይት ላይ አውሮፕላን ለማፈንዳት ከተሞከረ በኋላ ኦባማ ወደ የመን መመለስን አገዱ፤ ሙከራው የመን ውስጥ የተጠነሰሰ ነበር። ከታሰሩት ግማሽ የሚያህሉት በማያውቁት ሰው ጥፋት ዓመታት ጠበቁ። በጥር 2025 አሥራ አንድ የመናውያን ወደ ኦማን ተወሰዱ። ጉዞው በጥቅምት 2023 ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ በጋዛ ጦርነት ምክንያት የተሰረዘ ነበር።

ስምምነት ላይ ከተደረሰ በኋላስ ለምን ይጓተታል?

በአብዛኛው በኮንግረስ ምክንያት። ከ2011 ወዲህ እስረኞቹን ወደ አሜሪካ ምድር ማስገባት በሕግ ተከልክሏል። ወደ ሌላ አገር ለመላክም የመከላከያ ሚኒስትሩ ከ30 ቀን በፊት ለኮንግረስ ማሳወቅ አለባቸው። ፊርማው የእሳቸው ስለሆነ ነገ አንዱ ጥፋት ቢሠራ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ያድራል።

ሲፈለግ ግን ይፈጥናል። ግንቦት 31 ቀን 2014 አምስት የታሊባን ሰዎች በኳታር አደራዳሪነት በአንድ አሜሪካዊ ወታደር፣ በቦ በርግዳል፣ ተለወጡ። 30 ቀኑ አልተጠበቀም። የመንግሥት ሒሳብ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ሕግ ተጥሷል ብሎ ጽፏል።

ኢትዮጵያ ራሷ በአሳሪው ወገን ቆማ ታውቃለች?

አዎ። በ2006 መጨረሻ ጦሯ ሶማሊያ ሲገባ ወደ ኬንያ የሸሹ ሰዎች ተይዘው በሶማሊያ በኩል ወደ አዲስ አበባ መጡ። ሚያዝያ 2007 ላይ መንግሥት ከ17 አገሮች የመጡ 41 ተጠርጣሪዎችን ይዣለሁ ሲል አመነ። ከመሀላቸው የአሜሪካ፣ የካናዳና የስዊድን ዜጎች ነበሩ። ያኔ በር ያንኳኩ የነበሩት የእነዚህ አገሮች ዲፕሎማቶች ናቸው። ምዕራባውያኑ በአብዛኛው ቶሎ ወጡ። ኬንያውያኑ ግን እስከ 2008 ቆዩ፤ የገዛ መንግሥታቸው ራሱ ነበር አሳልፎ የሰጣቸው።

በ2025 ወደ ጓንታናሞ የተላኩት ስደተኞችም በዚሁ ይታያሉ?

አይታዩም። እነሱ በኢሚግሬሽን ሕግ የተያዙ ናቸው። ሰፈሩ አንድ ቢሆንም መዝገባቸው ሌላ ነው። የቆንስላ መብታቸውም ያው የተለመደው ነው። የካቲት 2025 ላይ ከመቶ በላይ ቬኔዙዌላውያን በሆንዱራስ በኩል ወደ አገራቸው የተመለሱት በቀናት ድርድር ነው።

ዘመድ እንዲህ ዓይነት ቦታ ቢያዝ ቤተሰብ ከየት ይጀምራል?

መጀመሪያ በሕይወት መኖሩንና ያለበትን ማረጋገጥ። ለዚህ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የጠፋ ሰው ፍለጋ አገልግሎት አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በኩል ማመልከት ይቻላል። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ደላላ ነው። ቀይ መስቀል ካገኘው ደብዳቤ ያመላልሳል። ደብዳቤው በሳንሱር ስለሚያልፍ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበት።

ቀጥሎ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወይም ለቅርቡ ኤምባሲ በጽሑፍ ማመልከት። በስልክ ብቻ አይሁን። ቀን ያለበት፣ የተቀባይ ማኅተም ያለበት ኮፒ እጃችሁ ላይ ይቅር። ነገ መንግሥት አልሰማሁም ቢል ማስረጃችሁ ይህ ነው። ሰውየው ሁለት ዜግነት ካለው ወይም የሌላ አገር መኖሪያ ፈቃድ ካለው ለሁለቱም አመልክቱ። አንዱ አይመለከተኝም ቢል ያንኑ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁት፤ ጠበቃ ያስፈልገዋል።

ስለ ጠበቃ ካነሳን፣ የጓንታናሞ ጉዳዮች ሲጀመሩ እስረኞቹ ራሳቸው ውክልና መፈረም ስለማይችሉ ክሱን የከፈቱላቸው ወላጆችና ወንድሞች ነበሩ። የልደት ማስረጃ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ የድሮ ፓስፖርት ኮፒ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት ሁሉ ያን ጊዜ ይፈለጋል። አንድ ላይ አድርጉት።